ከሔርማታ ያሰፋሁት አንቀልባና ከስቶክሆልም የመጣው ጋሪ

ቁርጡን ልንገራችሁ። ጅማ ሕፃን ይዞ ለሚኖር ሰው አንቀልባው ይበልጣል። የልጅ ጋሪውንም ግን አልጣልኩትም፤ ምክንያት አለው።

አንቀልባውን ያሰፋሁት ሔርማታ መርካቶ፣ ከልብስ ሰፊዎቹ ተርታ አንድ ሽማግሌ ጋ ነው። 1,200 ብር አሉኝ፣ ተከራክረን በ1,000 ተስማማን። ወፍራም ሸራ ነው። ውስጡ ለስላሳ ጨርቅ ተለብጦ ስስ ስፖንጅ ገብቶበታል። ዳር ዳሩን ዛጎል የሚመስሉ የፕላስቲክ ጌጦች ተሰፍተውበታል። እውነተኛ ዛጎል ፈልጌ ነበር። «ልጄ፣ አሁን ማን ዛጎል ያመጣል?» አሉኝ።

የአማቴ የቆዳ አንቀልባ ዛጎሉ እስካሁን አለ። ባለቤቴና ወንድሞቹ በሙሉ የታዘሉት በእሱ ነው። እሱን ውሰጂ ብለውኝ ነበር። ያምራል፣ ግን የጅማ ዝናብና ቆዳ አይስማሙም። ሲርስ ይከብዳል፣ ሲደርቅ ይደድራል፣ ቅቤ ካላጠጡት ይሰነጠቃል። ሸራው ይታጠባል። በእርግጥ ክረምት ላይ አጥቦ ማድረቅ ሌላ ጣጣ ነው። ሐምሌ ላይ እዚህ የተሰጣ ልብስ መቼ ደርቆ ያውቃል? አቅም ያላችሁ ሁለት አሰፉ።

ጋሪውን የላከችልኝ ስቶክሆልም ያለችው ታናሽ እህቴ ናት። የሚመጣ ሰው አግኝታ ነው። አራት ጎማ፣ የሚጎተት ጥላ፣ ከሥሩ የዕቃ ቅርጫት፣ በእግር የሚረገጥ ፍሬን አለው። ሳየው ደስ አለኝ። ልጄን ሚጣን አስተኝቼ ሳሎን ውስጥ ስገፋው ልክ በቅቤ ላይ የሚሄድ ነው። ችግሩ የሚጀምረው ከበር ሲወጣ ነው።

ሠፈራችን ኮብልስቶን ነው። ኮብልስቶኑ ላይ ጋሪው ይንቀጠቀጣል፣ የተኛች ልጅ ትነቃለች። አስፋልቱ ላይ ስወጣ የእግረኛ መንገዱ አንዴ አሸዋ ተከምሮበታል፣ አንዴ ጉሊት ተዘርግቶበታል፣ አንዴ ክዳኑ የተነሳ የውኃ ቦይ ነው። ስለዚህ ጋሪውን ይዤ የምሄደው ከባጃጅ ጋር እየተጋፋሁ ነው። ወደ ጅሬን አማቴ ቤት የሚወስደው ዳገት ደግሞ ጭቃ ነው። የጅማን ቀይ ጭቃ የሚያውቅ ያውቀዋል። ትንንሾቹ ጎማዎች ላይ ይጠመጠምና መሽከርከር ይተዋሉ። ከዚያ ልጁን በአንድ እጅ፣ ጋሪውን በሌላው ነው።

ባጃጅ ውስጥስ? ታጥፎም አይገባም። ከገባም እኔ አልገባም። አንዱ ሹፌር «እህት፣ ይሄኛው ራሱን የቻለ ተሳፋሪ ነው፣ ይከፍላል» ብሎ አስከፍሎኛል። አልፈረድኩበትም።

ለእህቴ ይህን ስነግራት ገረማት። እሷ ያለችበት አውቶቡሱ ወለሉ ዝቅ ያለ ነው፤ ጋሪ በመሃለኛው በር ይገባል፣ መቆሚያ ቦታም አለው። የሚገፋው ደግሞ ብዙ ጊዜ ባሏ ነው። በበረዶው ወቅት ልጁን በደንብ ጠቅልለው ጋሪው ውስጥ ደጅ ያስተኙታል። እዚያ አገር የተለመደ ነው። ይህን ለአማቴ ስነግራቸው «በረዶ ላይ? ልጅ ነው ሥጋ?» አሉ። ለቀናት ለጎረቤቱ ሁሉ አወሩት።

ጋሪው መጥፎ ዕቃ ስለሆነ አይደለም እንግዲህ። ዕቃው የተሠራው ለሌላ መንገድና ለሌላ ሕግ ነው። ስዊድን ውስጥ ለአንድ ልጅ ወላጆች በጋራ 480 ቀን የሚከፈልበት ፈቃድ አላቸው። ከዚያ ውስጥ 90ው ለእናት፣ 90ው ለአባት የተለየ ነው፤ አንዱ ለሌላው አያስተላልፈውም። አባትየው ካልወሰደው ይቃጠላል። ስለዚህ ይወስዳል። ስለዚህ ጋሪ ይገፋል።

እኔ የአንድ ቡና ነጋዴ ድርጅት ሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 መሠረት ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ወስጃለሁ። ባለቤቴ የወሰደው 3 ቀን ነው፤ ሕጉ ለአባት የሚሰጠው እሱን ነው። ያውም ተከታታይ 3 ቀን። ዓርብ ከተወለደች ሰኞ ሥራ መግባት ማለት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ደግሞ እስከ 6 ወር ጡት ብቻ ይላል። ሦስት ወር ላይ ሥራ የገባች እናት ቀሪዎቹን ሦስት ወራት ከየት ታምጣ? እኔ ወተቴን ያለብኩት መጋዘን ጥግ፣ ነጠላ ጋርጄ፣ ከቡና ጆንያ ጀርባ ነው።

እኛ እንሻላለን የምልበትም ጊዜ አለ። ዳላስ ያለች የትምህርት ቤት ጓደኛዬ በድምፅ መልእክት ስታወራኝ አንጀቴን በላችው። የአሜሪካ የፌዴራል ሕግ፣ ከ1993 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለው፣ 12 ሳምንት ይሰጣል። ደመወዝ ግን የለውም። 50 ሠራተኛ የማይሞላ ድርጅት ደግሞ አይገደድም። እናቷ ልታርሳት ነበር፣ ቪዛ ተከለከሉ። በወለደች በሳምንቱ ስልኩን ማድቤት አቁማ፣ እናቷ ከአጋሮ በቪዲዮ እያዘዟት፣ ገንፎዋን ራሷ አገነፋች። እኔ ቤት በዚያው ጊዜ ገንፎ የሚበላው ጠፍቶ ለጠያቂ ይታደል ነበር።

ወደ አንቀልባው ልመለስ። አሠራሩ ቀላል ነው። ሁለቱ ማሰሪያዎች በትከሻ አልፈው ደረት ላይ ይጠላለፋሉ፣ ከዚያ በልጇ ቂጥ ሥር ዞረው ወገብ ላይ ይታሰራሉ። መጀመሪያ ጎንበስ ብሎ ልጇን ጀርባ ላይ ማስተካከል ያስፈራል። አማቴ አልጋ አጠገብ አቁመው አለማመዱኝ። ብትንሸራተትም ፍራሽ ላይ ነው። አሁን ብቻዬን አዝላለሁ።

የወደድኩት ስፋቱን ነው። ሚጣ ስትቀመጥ እግሯ ተከፍቶ ጀርባዬን ያቅፋል፤ ጨርቁ ከጉልበት እስከ ጉልበት ይይዛታል፣ ጉልበቷም ከቂጧ ከፍ ይላል። የዳሌ ሐኪሞች የሚመክሩት አቀማመጥ ይኸው ነው። የሕፃን እግር ቀጥ አድርጎ አጥብቆ መጠቅለል ነው ዳሌን የሚጎዳው። ሱቅ የሚሸጡትን ደረት ላይ የሚታሰሩ ማዘያዎችም አይቼ ነበር። ያየሁት መቀመጫው ጠባብ ነው፣ እግር ወደ ታች ይንጠለጠላል። ዋጋው ደግሞ የአንቀልባዬ ብዙ እጥፍ። እንዲህ ያለው ዕቃ አሜሪካ ውስጥ የተስፋፋው አን ሙር የምትባል ነርስ በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ቶጎ ውስጥ በሰላም ጓድ በጎ ፈቃደኛነት ስትሠራ እናቶች ልጅ ሲያዝሉ አይታ ከተመለሰች በኋላ ነው። ስናግሊ ብላ ሠራችው። እንግዲህ አፍሪካዊት እናት ያስተማረችውን በውድ ዋጋ መልሰን ልንገዛ ማለት ነው። እኔስ ሔርማታ እሄዳለሁ።

አሁን ደግሞ ያልወደድኩትን። ጭንቅላት መደገፊያ የለውም። ሚጣ እንቅልፍ ሲወስዳት አንገቷ ወደ ጎን ይወድቃል። ባጃጅ ኮብልስቶን ላይ ሲዘል ልቤ ይሰነጠቃል። በነጠላ አጥብቄ እይዛታለሁ፣ መፍትሔ ግን አይደለም። ሽማግሌው ከላይ አንድ ክንድ የምታክል ስፖንጅ ያለባት ቁራጭ ቢጨምሩ ያልቅ ነበር። ነግሬያቸዋለሁ፣ «እናንተም ያለ ድጋፍ ነው ያደጋችሁት» ብለው ዘጉኝ።

ሌላው ከባድ ነገር፣ ማንም ሻጭ ዕድሜ አይጠይቅም። ሁለተኛ ወሯን ያልጨረሰች ሕፃን ጀርባ ላይ አዝላ የምትሄድ እናት ከተማችን ውስጥ አያለሁ። አንገቱን ያልቻለ ልጅ አገጩ ደረቱ ላይ ሲወድቅ የአየር መንገዱ ይታጠፋል። ድምፅ ሳያሰማ ሊታፈን ይችላል፤ ጀርባችሁ ላይ ስለሆነ ደግሞ አታዩትም። አሜሪካኖቹ በ2010 እ.ኤ.አ. ስለ ጨርቅ ማዘያ ሲያስጠነቅቁ ከ4 ወር በታች ያሉትን ለይተው የጠቀሱት ለዚህ ነው። ትንሽ ልጅ ፊት ለፊት ይታቀፍ፣ ፊቱ ይታይ፣ አገጩና ደረቱ መካከል ጣት ይግባ። ጋቢና ፎጣ ፊቱ ላይ አይደርብ። ዝናብ ሲመጣ ላስቲክ ከነጭንቅላቱ የምትሸፍኑ እናቶች፣ እባካችሁ ጥላ ያዙ።

ወገብም አለ። ቀላል ነው የሚሉት ያላዘሉ ናቸው። ሚጣ ከበደች። ጅሬን ዳገት ላይ ስደርስ ማሰሪያው ትከሻዬን ይቆርጠኛል። ማሰሪያውን ሰፋ አድርገው እንዲሰፉላችሁ ጠይቁ፣ ቢያንስ አራት ጣት ይሁን። የኔ ሁለት ጣት ነው፤ ምልክቱ ማታ ሲወልቅ ይታያል።

ጋሪውን ያልጣልኩት እንግዲህ ለዚህ ነው። እሁድ ከሰዓት ከዩኒቨርሲቲው በኩል ያለው አስፋልት ላይ ባለቤቴ ይገፋዋል። ሲገፋ አያፍርም። እንዲያውም ሰው ሰላም ሲለው ጥላውን ገልጦ ያሳያል። አንቀልባ አዝል ስለው ግን «ሰው ምን ይላል» ነው። ጀርባ ያላት እኔ ብቻ የሆንኩ ይመስል። ጋሪው ለመንገዳችን ባይሆንም ለኔ በሳምንት አንድ ከሰዓት ጀርባዬን አሳርፎልኛል። ለዚህ ብቻ ቦታውን ይዞ ይቀመጥ።

ከአምስት ለአንቀልባው አራት፣ ለጋሪው ሁለት። አስፋልት ዳር የምትኖሩ ለጋሪው ሦስት ስጡት።

አንዱን ነጥብ ከአንቀልባው የቀነስኩት በጭንቅላት ድጋፉ ብቻ አይደለም። ማሰሪያው የሚለካው በሴት ልክ ነው። «ለወንድ የሚሆን ረዥም አድርጉልኝ» ስላቸው ሽማግሌው መቀሱን አስቀምጠው ሳቁ። ጎን ያሉትም ሰፊዎች ሳቁ። ቆሜ ጠበቅኳቸው። 100 ብር አስጨምረው ሠሩልኝ። ባለቤቴ እስካሁን የሚያዝላት ግቢ ውስጥ፣ ያውም የውጭው በር ሲቆለፍ ነው።