መድኃኒትን ከነማብራሪያው የሚሰጥ መድኃኒት ቤት፣ ቱሉ ዲምቱ

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ውስጥ፣ ከወፍጮ ቤቱ አጠገብ ያለው መድኃኒት ቤት ከውጭ ሲያዩት ከሌሎቹ የሚለየው ነገር የለም። አንድ መስኮት፣ አንድ አግዳሚ ወንበር፣ በመስታወት ውስጥ የተደረደሩ የሕፃናት ሽሮፖች። እኔ ግን በአካባቢያችን ካሉት ሁሉ አስበልጬ እመርጠዋለሁ።

ባለቤቴ የጭኗ አጥንት ተሰብሮ ከተኛችበት ሆስፒታል ስትወጣ በተሰጠን ወረቀት ላይ «ፐልሞናሪ ኢምቦሊዝም» የሚል ተጽፎበታል። «ሳንባዋ ላይ ደም ረግቷል» ከማለት ያለፈ የነገረን ሰው አልነበረም። የተሰበረው እግሯ፣ የታመመው ሳንባዋ! ይህ ነገር እንቅልፍ ነሥቶኝ ነበር።

ወጣቷ ፋርማሲስት ማዘዣውን አንብባ «ጋሼ፣ መድኃኒቱን ከመስጠቴ በፊት ትንሽ ላስረዳዎት» አለችና በባዶ ካርቶን ጀርባ ላይ እግር፣ ልብና ሳንባ ሣለች። እስክሪብቶዋ ከባት ተነሥቶ በደም መልሱ ሽቅብ ወጣ፤ ወደ ልብ ቀኝ ክፍል ገባ፤ ከዚያ ወደ ሳንባ የሚሄደው የደም ሥር እየተከፋፈለ ከቀጠነበት ላይ ሲደርስ ቆመ። «እዚህ ጋ ወተፈው» አለች። ሰው ተሰብሮ ሲተኛ ደሙ እግር ውስጥ ይዘገያል፣ ይረጋል። ባለበት ሲቀር ትሮምበስ ይባላል፤ ተነቅሎ ተጉዞ ሌላ ቦታ ሲደፍን ኢምቦለስ ይሆናል። እኛ ሁለቱንም «ደም መርጋት» ስለምንል ነው ጉዞው የጠፋብኝ።

ጡረታ የወጣሁ መምህር ነኝና የቃሉን አመጣጥ ሳልጠይቅ አላለፍኩም። አልሰለቸችም። ኢምቦለስ በግሪክ ውታፍ ወይም ሽብልቅ ማለት ነው፤ ለሕክምና ያዋለው ጀርመናዊው ሐኪም ሩዶልፍ ቪርቾ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1848፣ ገና ሠላሳ ዓመት ሳይሞላው። ሳንባ ውስጥ የሚገኘው የረጋ ደም እዚያው የተፈጠረ ሳይሆን ከሌላ ቦታ የመጣ ሊሆን እንደሚችል ያሳየ ሰው ነው። እኔም በበኩሌ አንድ ነገር ጨመርኩላት፦ ቃሉ ሐኪሞች እጅ ከመግባቱ በፊት የዘመን አቆጣጠር ቃል ነበር። የጨረቃን ዓመት ከፀሐይ ዓመት ጋር ለማስታረቅ በ19 ዓመት ውስጥ 7 ጊዜ የሚገባው 13ኛው ወር በዚሁ ስም ይጠራ ነበር። ባሕረ ሐሳብ የተማረ ሰው 19 ዓመቱን በንዑስ ቀመርነቱ ያውቀዋል። በመካከል የገባ፣ የተሰነቀረ ማለት ነው፤ ለወሩም ለደሙም ይስማማል።

ዋናው ግን የታዘዘላት ደም ማቅጠኛ፣ ዋርፋሪኑ ነው። በእሽጉ ላይ «ማታ 2 ሰዓት» ብላ በአማርኛ ጻፈችበት። «እትዬ ጎመን እርግፍ አድርገው ይተዉ አልልም፤ ነገር ግን ጾም ሲገባ ድንገት አይብዛ፣ ሲፈታም ድንገት አይቋረጥ» አለች። ጎመን ውስጥ ያለው ቫይታሚን ኬ ደም እንዲረጋ ይረዳል፤ ዋርፋሪን ደግሞ የሚሠራው የዚህኑ ቫይታሚን ሥራ በመግታት ነው። ለሕመም ማስታገሻ ብለን ዳይክሎፌናክም ሆነ አስፕሪን ሳንጠይቅ እንዳንገዛ አስጠነቀቀችን። ድድ ከደማ ወይም ሰገራ ከጠቆረ ሳንውል ሳናድር ሐኪም ዘንድ እንድንሄድም ነገረችን። ይህን ሁሉ መናገር የነበረበት ሆስፒታሉ ነበር፤ እስከ አሁን ያናድደኛል።

ጉድለትም አለው። የግል ጉዳይ የሚነገርበት ክፍል ስለሌለ ሕመማችሁን የተሰለፈው ሁሉ ይሰማል። እሷ ስታስረዳ ወረፋው ይረዝማል፤ የሚያጉረመርም አይጠፋም። ዋርፋሪን አንዳንዴ ያልቃል። የደሙን መቅጠን የሚለካው የአይ ኤን አር ምርመራ እዚያ ስለማይሠራ ለእሱ መሀል ከተማ ድረስ መሄድ ግድ ነው።

የምትሄዱ ሰዎች የሆስፒታል ወረቀታችሁንና የምትወስዱትን ሌላ መድኃኒት ሁሉ ያዙ፤ መጠየቋ አይቀርም።