መኪናዬን አያት ጥዬ ሜክሲኮ መሥራት

ቢሮዬ አዲስ አበባ፣ ሜክሲኮ አደባባይ አካባቢ ነው። ጠዋት 2፡30 ላይ እዚያ አካባቢ ማቆሚያ ፈልጎ የሚያውቅ ሰው ምን ለማለት እንደፈለግኩ ይገባዋል። መንገድ ዳር ያሉት የፓርኪንግ ልጆች «ነይ ነይ ነይ፣ በቃ!» ብለው ያስገቡኛል፤ ሒሳቡ ግን በሰዓት ነው። ባንክ ደርሶ ለሚመለስ ይሆናል እንጂ እስከ 11 ሰዓት ወንበር ላይ ለምትውል የሒሳብ ሠራተኛ አይሆንም። በ2013 መስቀል አደባባይ ሲታደስ ከሥሩ የተሠራው ማቆሚያ ሰፊ ነው፣ ዝናብም ፀሐይም የለበትም፣ ወድጄዋለሁ። ችግሬ እዚያ እስክደርስ ከመገናኛ ጀምሮ ያለው ሰልፍ ነው።

አምና መስከረም 16፣ ደመራ መሆኑን ዘንግቼ ስታዲየም ጀርባ አቆምኩ። መንገዱ ተዘጋ፤ መኪናዬን በማግስቱ ነው ያወጣኋት። ከዚያ ወዲህ ቪትዜ ከአያት አታልፍም።

አያት የማቆምበት ቦታ ከከተማው ቀላል ባቡር መነሻ በእግር አምስት ደቂቃ፣ ጭር ያለ ሰፈር ውስጥ ነው። ባዶ መሬት፣ ዙሪያው ቆርቆሮ፣ ለቀን 60 ብር። የቀን ጥበቃው ሽማግሌ ናቸው። የመጀመሪያው ቀን ቆልፌ ልሄድ ስል፣ «ልጄ፣ ኒውትራል ላይ አድርጊያት፣ የእጅ ፍሬኑንም ልቀቂ» አሉኝ። ደነገጥኩ። እሳቸው ግን ከጎማው ሥር ድንጋይ ሸጎጥ አድርገው፣ የታርጋዬን ቁጥር በካርቶን ቁራጭ ላይ ጽፈው ግማሹን ሰጡኝ። ቁልፉ እኔው ጋ ነው። ኋላ የቆመ መኪና መውጣት ሲፈልግ የእኔን በትከሻቸው ገፋ ያደርጓታል።

አያት የመስመሩ ጫፍ ስለሆነ ከ1 ሰዓት በፊት ከደረስኩ ወንበር አገኛለሁ። መገናኛ ላይ ሰው ሲሞላ እኔ ተደላድያለሁ። ኡራኤል፣ ስታዲየም፣ ለገሃር እያለ ሜክሲኮ ያወርደኛል። ከባቡሩ መስመር የራቀ ቢሮ ቢሆን ኖሮ ይሄ ሁሉ ባልሠራ ነበር፤ ባቡሩ በር ላይ ስለሚጥለኝ ነው።

የማልወደውን ልንገራችሁ። ክረምት ላይ ጭቃው አይጣል ነው፤ ቦት ጫማ መኪና ውስጥ ይኑራችሁ። በሩ የሚዘጋው ከምሽቱ 2 ሰዓት ነው። አንድ ቀን 10 ደቂቃ አርፍጄ ብመጣ የማታው ልጅ ለመክፈት 100 ብር ጠየቀኝ፤ ተከራክሬ 50 ከፈልኩ። ባለቤቱ ይህን ሥርዓት ቢያስይዙት ጥሩ ነው። ደረሰኝም የላቸውም፣ ካርቶኗ ብቻ ናት።

ወር መጨረሻ ላይ ስለማመሽ መኪናዬን ቤት ትቼ ነው የምወጣው። በሌላው ቀን እዚያው ነኝ። ትናንት ስመለስ ካቆምኩበት አራት መኪና ያህል ርቃ አገኘኋት፤ ድንጋዩ ከጎማዋ ሥር አለ።

«ዛሬስ ሦስቴ ገፋኋት» አሉኝ ጋሼ፣ ካርቶኗን እየተቀበሉ፤ «ደግነቱ ቀላል ናት።»