ከባድ ጌም ሌላ፣ የተበላሸ ጌም ሌላ፦ ሳትገዙ ይሄን አንብቡ

ፊዚክስ ላይ የተሰሩ የኢንዲ (ትንንሽ ቡድኖች በራሳቸው የሚሰሯቸው) ፓዝል ጌሞች የምትወዱ ልጆች፣ በተለይ ኧርሊ አክሰስ ላይ ያለ (ሳያልቅ ለሽያጭ የቀረበ) ነገር ልትገዙ ካሰባችሁ ትንሽ ታገሱ።

እኔ ይሄን አይነት ጌም በጣም ነው የምወደው። ሳጥን ገፍተህ ጣውላ ደግፈህ ራስህ ያመጣኸው መላ ሲሰራ አንጀት ያርሳል። ወርልድ ኦፍ ጉ (እ.ኤ.አ. 2008) ላይ ኳሶቹን ቀጣጥለህ የሰራኸው ግንብ ሲያዘም በአይንህ እያየኸው ነው፣ ቢወድቅም ለምን እንደወደቀ ታውቃለህ። በመዶሻ ተራራ የምትወጣበት ጌቲንግ ኦቨር ኢት (2017) ደሞ ያበግናል፣ አንድ ስህተት ከላይ እስከ ታች ያወርድሃል፣ ግን መዶሻው እጅህ ያዘዘውን ነው የሚያደርገው ስለዚህ ብትናደድም ትመለሳለህ።

የገዛሁት ጌም ግን ሌላ ጉድ ነው። ትሬይለሩ ያምራል፣ የመጀመሪያዎቹ ሌቨሎችም እውነትም ያምራሉ። ከዛ አንድ ሌቨል ላይ ጣውላ ጫፍ ላይ ሳጥን አስቀምጠህ በሌላኛው ጫፍ ዘለህ ማለፍ አለብህ፣ ሳጥኑ ዝም ብሎ መቀመጥ ሲገባው ይንቀጠቀጣል፣ እየተንቀጠቀጠ ተንሸራቶ ይወድቃል፣ አንዳንዴ ጭራሽ ጣውላው ውስጥ ይሰምጥና ወደ ላይ ይወነጨፋል፣ ያንኑ ነገር እዛው ቦታ ብትደግመው ሌላ ውጤት ነው የሚመጣው፣ ቼክፖይንቱ (ስትወድቅ የምትመለስበት ቦታ) ደሞ ሩቅ። ፍሬም ሬቱን (ጌሙ በሰከንድ ስንት ምስል እንደሚያሳይ) 60 ላይ ስቆልፈው የሚደርሰው ዝላይ 144 ላይ ጠርዙ ጋ ይቀራል። በቃ ፊዚክሱን ከፍሬሙ ጋር አስረውታል ማለት ነው። በስርአት የተሰራ ጌም ፊዚክሱን የሚያሰላው በራሱ ቋሚ የጊዜ ልክ ነው፣ ጌም የሚሰራበት ሶፍትዌር ዩኒቲ ለምሳሌ ሴቲንጉን ካልነካኸው በየ0.02 ሰከንዱ ያሰላል፣ ስክሪንህ የፈለገውን ያህል ቢፈጥን።

ለሰሪዎቹ ስጽፍላቸው የመለሱልኝ "ጌሙ ከባድ እንዲሆን ታስቦ ነው" ብለው ነው። ይሄ በጣም ነው ያናደደኝ። ጥቂት ሰው ሆኖ ጌም መስራት እንደሚከብድ ይገባኛል፣ ባግ ይኖራል፣ ግን የተበላሸውን ከባድ ነው ብሎ መሸጥ ገዢውን መናቅ ነው።

የጌም መሸጫው ስቲም ላይ ሪፈንድ (ብርህን መመለስ) የሚሰጠው በገዛህ በ14 ቀን ውስጥ ከጠየቅክና ከ2 ሰአት በታች ከተጫወትክ ነው። ፓዝል ላይ 2 ሰአት ምንም አይደለም፣ ቁጭ ብለህ ስታስብ ያልቃል፣ ፖዝ አድርገህ ብትነሳም ጌሙ እስካልተዘጋ ድረስ ይቆጥራል። እና እንዲህ አይነቱ ጌም ጉዱ የሚወጣው ከመሃል በኋላ ስለሆነ ሰአቱ እስኪያልፍ ምንም አታውቅም።

ስለዚህ ዴሞ ካለው መጀመሪያ እሱን። ሪቪው ስታዩ አዲሶቹን፣ ከነሱም ብዙ ሰአት የተጫወቱ ሰዎች የጻፉትን። የመጨረሻው አፕዴት መቼ እንደወጣ እዩ፣ ኧርሊ አክሰስ ጌም ያላለቀ እንደሆነና ከዚህ በላይ ላይለወጥም እንደሚችል ስቲም ራሱ ገጹ ላይ ጽፎታል። ከገዛችሁ ደሞ ገና በመጀመሪያው ግማሽ ሰአት ፍሬም ሬቱን ቀያይራችሁ አንዱን ዝላይ ሞክሩት፣ ከተለያየባችሁ ሳትውሉ ሳታድሩ ሪፈንድ ጠይቁ።