«ዛሬ ክፈሉ፣ ሲያስፈልጋችሁ ውሰዱ» ለሚል የፌሮ ነጋዴ ብር እንዳትሰጡ

ቤት የጀመራችሁ ወይም ልትጀምሩ የምታስቡ፣ ይሄ ነገር እናንተም ጋ መምጣቱ አይቀርም። ፌሮ፣ ማለትም ኮንክሪት ውስጥ የሚገባውን ብረት፣ የሚሸጠው ነጋዴ ሻይ አዝዞላችሁ እንዲህ ይላል፦ «ፌሮ ሊጨምር ነው። በዛሬው ዋጋ ክፈሉ፣ እቃው እኛ መጋዘን ይቀመጥ፣ ሶሌታው (የፎቁ ኮንክሪት ወለል) ሲደርስ ትወስዳላችሁ።» ሻዩን ጠጡ፣ ብሩን ግን አትስጡ።

ያጓጓል፣ አልክድም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሬው ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ቤት የጀመረ ሰው እንቅልፍ የለውም። 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት 100 ብርን አለፈ። ፌሮ የሚሰራበት ጥሬ ብረት፣ ቢሌት የሚባለው፣ ደግሞ በአብዛኛው በዶላር ተገዝቶ የሚገባ ነው። በዚህ ጭንቀት መሃል «ዋጋውን ላቁምላችሁ» የሚል ሰው ሲገኝ ዘመድ ይመስላል።

እስቲ ረጋ ብላችሁ አስቡት። ፌሮ ከጨመረ ነጋዴው እቃውን በአዲሱ ዋጋ ለሌላ ሰው ይሸጥና ለእናንተ «አልገባም» ይላችኋል። ከቀነሰ እየሳቀ ያስረክባችኋል፣ በውድ የገዛችሁት እናንተ ናችሁ። እስከዚያው ብራችሁ ያለ ወለድ የሱ መነገጃ ነው። ባንክ እንኳ እንዲህ አይበደርም!

ሰበታ በኩል ጂ ፕላስ ዋን የሚሰራው የባለቤቴ ወንድም ላይ የደረሰው ይሄው ነው። የሰጡትን ወረቀት አይቼዋለሁ። ከደብተር የተቀደደ ቅጠል ነው። «የ12 ፌሮ 120 ቤርጋ ሂሳብ ተከፍሏል» ይላል (12 ውፍረቱ በሚሊ ነው፣ ቤርጋ ደግሞ አንዱ ሙሉ ዘንግ)፣ ከስሩ ክብ ማህተም አለ። ሰውን የሚያዘናጋው ማህተሙ ነው። የፋብሪካ ስም የለም፣ ኪሎ የለም፣ የማስረከቢያ ቀን የለም። ብሩም የገባው ወደ ድርጅቱ ሳይሆን ወደ ግለሰብ አካውንት ነው። «ደረሰኝ ከፈለጋችሁ ቫቱን 15 በመቶ ትጨምራላችሁ» ስለተባለ ደረሰኝም የለም።

ሶሌታው ሲደርስ ፌሮው «መንገድ ላይ» ሆነ። ቀጥሎ «ፋብሪካው ጨምሮብናል፣ ልዩነቱን አግዙን» መጣ። የሶሌታ ማቆሚያው ኪራይ በየቀኑ ይቆጥራል፣ ሰራተኛው ቆሟል። ጨምሮ ከፈለ። ምን ያድርግ?

በመጨረሻ እቃው በሲኖትራክ መጣ። ፌራዮው (ፌሮ ቆርጦ የሚያስረው ባለሙያ) አንዱን ቤርጋ ብድግ አድርጎ «ይሄ 12 ነው?» አለ። ቆርጠው ሚዛን ላይ አወጡት። 12 ሜትር ርዝመት ያለው ባለ 12 ሚሊ ፌሮ 10.6 ኪሎ ገደማ መመዘን አለበት። ያ ግን 9 ኪሎ አካባቢ ነው፤ ማለትም 11 ሚሊ ነው።

ይህችን ስሌት ስልካችሁ ላይ አስቀምጧት። የፌሮውን ውፍረት በሚሊ በራሱ አባዙት፣ ለ162 አካፍሉት። የአንድ ሜትር ክብደት በኪሎ ይሰጣችኋል። ለ12 ሚሊ 144 ሲካፈል ለ162፣ ወደ 0.89 ኪሎ ነው። ሙሉው ባለ 8 ቤርጋ 4.7 ኪሎ፣ ባለ 10 ደግሞ 7.4 ኪሎ አካባቢ ይመጣል። የግራም ልዩነት አያጣላም። አንድ ሚሊ ሲቀንስ ግን ከ120 ቤርጋ ላይ 2 ኩንታል ብረት ጠፋ ማለት ነው። የብሩ ነገር አንድ ነው፤ ሃንዲሱ ሶሌታውን ያሰላው በ12 ነው፣ ከስሩ የሚተኙት ደግሞ ልጆቻችሁ ናቸው። ስለዚህ በቤርጋ ቆጥራችሁ አትግዙ፣ በኪሎ ግዙ።

ህጉስ? የ1952ቱ ፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1764 ላይ አንድ ወገን ውሉ ስለከበደበት ብቻ ውሉ እንደማይቀር ይናገራል። ስለዚህ «ገበያው ጨምሯል» ብቻውን ምክንያት አይሆንም። ይሄ ለእናንተ ነው። ቁጥር 1186 ደግሞ ተንቀሳቃሽ እቃ የገዢው የሚሆነው ሲረከበው ነው ይላል። እሱ መጋዘን ከሌላው ጋር ተደባልቆ የተቆለለ ፌሮ የከፈላችሁበት እንጂ የእናንተ ንብረት ነው ማለት ከባድ ነው። ወረቀቱ ላይ «ቀብድ» ከተባለ ደግሞ በቁጥር 1885 መሰረት፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ ነጋዴው እጥፉን መልሶ ውሉን ማፍረስ ይችላል። አንድ አስረኛ ቀብድ የተቀበለ ሰው ፌሮ በ40 በመቶ ቢጨምር እጥፉን መልሶም ያተርፋል።

ዱባይ፣ ኩዌት፣ ቤሩት ሆናችሁ በወንድም ወይም በእህት የምታሰሩ፣ ከሁላችን ይልቅ የምትፈለጉት እናንተ ናችሁ። ብሩ አንዴ ይመጣል፣ ባለቤቱ መጋዘን ሄዶ አያይም። የፌሮ ክምር ፎቶ ማስረጃ አይደለም፤ ያው ክምር ለስንት ሰው እንደተላከ ማን ያውቃል? ስትልኩ ለፋውንዴሽን (ለመሰረቱ)፣ ለኮለን (ለምሰሶው)፣ ለሶሌታ እያላችሁ ከፋፍላችሁ ላኩ። እቃው ሳይት ላይ ሲራገፍና ሲመዘን በቪዲዮ ደውለው ያሳዩአችሁ።

ዋጋው እስኪጨምር ቁጭ በሉ እያልኩ አይደለም። ብር ካላችሁ ፌሮ ቀድሞ መግዛት ጥሩ ነው፤ ግን ወደ ግቢያችሁ አስገቡት። ከመሬት ከፍ አድርጋችሁ በእንጨት ላይ አሳርፉት፣ ላስቲክ አልብሱት። ሌባ ካሰጋችሁ ፌራዮው በልኩ ቆርጦ ያጥፈው፤ የታጠፈ ፌሮ ገዢ አያገኝም። ሲሚንቶን ግን ለአመት ብላችሁ አትከምሩ፤ ሁለት ሶስት ወር ካለፈው ጉልበቱ እየቀነሰ፣ ጓል እየሰራ ይሄዳል።

የግድ ቅድሚያ መክፈል ካለባችሁ ብሩ በንግድ ፈቃዱ ላይ ባለው ስም ወደተከፈተ አካውንት ይግባ። ውሉ ላይ ኪሎው፣ ውፍረቱ፣ ፋብሪካው፣ የማስረከቢያ ቀኑና በዘገየ ቁጥር የሚከፈለው ቅጣት ይጻፍ። ሁለት ምስክር ይፈርምበት። ደረሰኙን እዚያው ተቀበሉ። ነጋዴው «እኛ እንዲህ አንሰራም» ካላችሁ መርካቶ ውስጥ ሌላ ሱቅ አይጠፋም።