የእንግሊዝኛን ቃላት ዘር የሚቆጥረው «ኤቲሞንላይን»

«ኤቲሞንላይን» አሜሪካዊው ዳግላስ ሃርፐር ያዘጋጀው፣ ያለ ክፍያ በኢንተርኔት የሚነበብ የእንግሊዝኛ ቃላት አመጣጥ መዝገብ ነው። ጠባዩን ለማወቅ የአንድ ቃል ሐተታን በጥሞና ማንበብ ስለሚበቃ፣ «ሎርድ» የሚለውን መርጫለሁ።

ይህን የመኳንንት ማዕረግ የሚሰማ ሰው ከፈረንሳይኛ የተወረሰ ሊመስለው ይችላል፤ መዝገቡ ግን ወደ ጥንታዊው እንግሊዝኛ «ህላፎርድ»፣ ከዚያም አልፎ ወደ «ህላፍዌርድ» ይወስደዋል፤ ትርጉሙም «ዳቦ ጠባቂ» ነው። «ህላፍ» ዛሬ «ሎፍ» ሆኖ ያልተቆረሰ ዳቦን ሲጠራ፣ የጀርመንኛው «ላይብ» የቅርብ ዘመዱ ነው። በጌታው ቤት የሚያድረው ሎሌ ደግሞ «ዳቦ በሊታ» ይባል ነበር፤ ሥራ ያገኘ ሰው «እንጀራ ወጣለት» ለሚባልበት አገር አንባቢ ይህ ብዙም አይደንቅም። «ሌዲ» የሚለውም ከዚያው ከዳቦው ቤት የወጣ ሲሆን «ዳቦ አቡኪ» ማለት እንደነበር ይገመታል። መዝገቡ እዚህ ላይ «ይመስላል» ብሎ ማለፉን ወድጄለታለሁ፤ የቃላትን ታሪክ የሚተርኩ ብዙ ጽሑፎች ግምቱን እንደ ተረጋገጠ ነገር ያቀርቡታልና።

ጥንቃቄ የሚሻው የዘመን አጻጻፉ ነው። በ«ሎርድ» ሐተታ መጀመሪያ ላይ የተቀመጠው የ13ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ሲሆን፣ ቸኩሎ የሚያነብ ሰው ቃሉ ያኔ የተወለደ ይመስለዋል፤ ዘመኑ የሚያመለክተው ግን «ላቨርድ» የመሰለው የመካከለኛው እንግሊዝኛ ቅርጽ በጽሑፍ የተገኘበትን ጊዜ ነው፤ «ህላፎርድ» ከዚያ በፊት ለብዙ መቶ ዓመታት ሲጻፍ ኖሯል። ኮከብ ምልክት ያለባቸው ቅርጾችም የቋንቋ ሊቃውንት ዘመድ ቋንቋዎችን አነጻጽረው የገነቧቸው እንጂ በጽሑፍ የተገኙ አይደሉም።

ጉድለቱ ምንጭ አጠቃቀሱ ላይ ነው። ሃርፐር የተመረኮዘባቸውን መዛግብት በአንድ ገጽ ቢዘረዝርም፣ እያንዳንዱ ሐሳብ ከየትኛው እንደተወሰደ ሁልጊዜ አይታወቅም። ስለዚህ ለመምህር፣ ለተርጓሚና ለቋንቋ ወዳድ ያለ ማመንታት የምመክረውን ያህል፣ የጥናት ወረቀት የሚያዘጋጅ ሰው መንገዱን ከዚህ ጀምሮ ማስረጃውን ከኦክስፎርድ መዝገበ ቃላት ቢጠቅስ ይሻለዋል።