ላሚኔት ተፍቆ አይታደስም፤ ገንዘባችሁን አትክፈሉ

«የደበዘዘውን የላሚኔት ወለላችሁን ፍቀን፣ ቫርኒሽ ቀብተን እንደ አዲስ እናደርገዋለን» የሚል ባለሙያ ከመጣባችሁ ቀብድ አትስጡት። ይህ ሥራ በደንብ ወይም በመጥፎ የሚሠራ ዓይነት አይደለም፤ ጭራሽ የማይሠራ ነው።

ከሙሉ እንጨት የተሠራ ፓርኬት ቢፋቅ ከሥሩም እንጨት ነው። ላሚኔት ግን የእንጨት ፎቶ ነው። ከላይ በሜላሚን ሙጫና በአሉሚኒየም ኦክሳይድ የጠነከረ ስስ ሽፋን አለው፤ ከሥሩ ምስሉ የታተመበት ወረቀት፣ ቀጥሎ ተጠቅጥቆ የተጨመቀ የእንጨት ቃጫ። ሽፋኑና ወረቀቱ ተደምረው 1 ሚሊሜትር እንኳ አይሞሉም። መፋቂያ ማሽን ሲያርፍበት ምስሉ ይላጣል፣ ቡናማው ቃጫ ይገለጣል። ከዚያ በኋላ ነቅሎ መተካት ነው።

የቤታችሁ ወለል የትኛው እንደሆነ ካጠራጠራችሁ የእንጨቱን አንጓዎች ተመልከቱ። ተራርቀው ባሉ ጣውላዎች ላይ ቁርጥ አንድ ዓይነት አንጓ ከተደጋገመ ኅትመት ነው።

«እሺ፣ ሰም ብቻ እንቀባው» ቢሏችሁም ያው ነው። ሽፋኑ ሰም አይመጥም፤ ሰሙ ላዩ ላይ ቀርቶ ያንሸራትታል፣ አቧራ ይይዛል፣ የእግር ዱካ ያሳያል። እንዲያውም ደበዘዘ የተባለው ወለል ብዙ ጊዜ የቆየ ሰምና የሳሙና ቅሪት ያለበት ነው። ለማረጋገጥ ማይክሮፋይበር ጨርቅ ለብ ባለ ውሃ አርጥባችሁ ጠብ እስከማይል ጭመቁት፣ 1 ካሬ ሜትር ያህል ሁለቴ ወልውሉና ወዲያው በደረቅ ጨርቅ አድርቁ። ቦታው ከጎኑ ካለው ከጠራ ችግሩ ቆሻሻ ነበር፤ ሌላውንም እንዲሁ ቀጥሉ።

ከዚህ ሥራ ጋር አብረው የእንፋሎት መወልወያ የሚሸጡም አሉ። እንፋሎቱ በመጋጠሚያዎቹ ይገባል፣ ቃጫው ያብጣል፣ የጣውላው ጠርዝ ይነሳል፤ ቢደርቅም አይመለስም። ብዙ አምራቾች በዋስትና ወረቀታቸው ላይ በግልጽ ይከለክሉታል፤ አንብቡት።

ለትንሽ ጭረት የወለሉን ቀለም የሚመስል የመጠገኛ ሰም ሞልቶ ትርፉን በፕላስቲክ ጠርዝ መቁረጥ ይበቃል። አንድ ጣውላ ከተበላሸና ወለሉ ያለ ሙጫ የተገጣጠመ ከሆነ፣ በቅርቡ ካለው ግድግዳ ጀምሮ ረድፍ በረድፍ ይፈታል፤ የጣውላዎቹን ጀርባ በቁጥር ምልክት አድርጉ። ለወንበር እግሮችም ወፍራም ጨርቅ ለጥፉ፤ አሸዋ ሲሰገሰግበት ራሱ ስለሚጭር ቀይሩት።

ሰውየው አሁንም «ይቻላል» ካለ አንድ ትርፍ ጣውላ ስጡትና መጀመሪያ እሱን ፍቆ ያሳያችሁ።