የምርመራ መዝገባችን ክላውድ ላይ፦ ከ14 ወር በኋላ

ፒያሳ ሳለን መዝገባችን የሚኖረው ካርቶን ውስጥ ነበር። ትንሽ ቢሮ ነን፣ አራት ሰው። ገንዘብ ሲጎድል፣ ሂሳብ ሲጭበረበር ተጠርተን እናጣራለን። በ2016 ሰፈሩ ለኮሪደር ልማት ሲነሳ እኛም ዕቃችንን ጭነን ወደ ሜክሲኮ አካባቢ መጣን። የስምንት ዓመት ፋይል አንድ አይሱዙ ላይ ተከምሮ ካፊያ ሲወርድበት ያየሁበትን ጠዋት አልረሳውም። ከሁለቱ ሃርድ ዲስኮች አንዱ አዲሱ ቢሮ ደርሶ ሲሰካ ቀጭ ቀጭ ከማለት በቀር አልከፈት አለ። ውስጡ የአንድ ቁጠባና ብድር ማህበር ጉዳይ ነበር። ደረሰኞች፣ የባንክ ማስረጃ፣ ያጠራቀሙት የጠፋባቸው አንዲት እናት ቃላቸውን የሰጡበት ድምፅ። ሌላ ኮፒ ባልደረባችን ፍላሽ ላይ ስለተገኘ ተረፍን። ከቤት ቁልፉ ጋር ታስሮ ኪሱ ውስጥ የሚዞር ፍላሽ!

ሰኔ ላይ ወደ ክላውድ፣ ማለትም በኢንተርኔት ወደሚገኝ የኩባንያ ማከማቻ፣ ገባን። የያዝነው ጉግል ድራይቭ ነው፣ የ2 ቴራባይቱ። ከሱ ጋር ደግሞ ክሪፕቶማተር የሚባል የማመስጠሪያ ፕሮግራም እንጠቀማለን። ለኮምፒውተር ነፃ ነው፣ ኮዱም ለሁሉም ክፍት ነው።

ለምን ሁለቱ? ድራይቭ ራሱ ፋይሉን ያመሰጥራል፣ ግን በተራ አካውንት ቁልፉ በእነሱ እጅ ነው። ፓስወርዳችንን ያገኘ ሰው ደግሞ ሁሉንም አንብቦ ይወጣል። ክሪፕቶማተር ግን ፋይሉን ገና ከኮምፒውተሬ ሳይወጣ ይቆልፈዋል። እያንዳንዱን ለየብቻ፣ ኤኢኤስ-256 በሚባል ጠንካራ የማመስጠሪያ ስልት፣ ስሙን ጨምሮ። አሁን ድራይቩን በብሮውዘር ብትከፍቱት ትርጉም የሌላቸው ረጃጅም የፊደል ሰንሰለቶች ብቻ ናቸው የሚታዩት። የማይደብቀውም አለ። የፋይሉ ብዛት፣ መጠኑና ቀኑ ይታያል። ስለዚህ የሰበሰብነውን በዕለቱ አንጭንም። ሳምንቱን ሙሉ አጠራቅመን አርብ ማታ አንድ ላይ እንልካለን፣ ማን መቼ ቃሉን እንደሰጠ ከቀኑ ተነስቶ መገመት እንዳይቻል።

የመጀመሪያው ጭነት አድካሚ ነበር። 310 ጊጋባይት ገደማ ነው። ከምሽቱ 2 ሰዓት እስከ ጠዋት 1 ሰዓት እየላክን፣ መብራት ሲሄድ እየቆመ፣ ሲመጣ ካቆመበት እየቀጠለ ሦስት ሳምንት ፈጀ። ከዚያ በኋላ ግን ቀላል ነው።

ከሁሉም በላይ ላወራላችሁ የምፈልገው ስለ ቁልፉ ነው። ክሪፕቶማተር ላይ ፓስወርድ ከጠፋ ደውላችሁ የምታስመልሱበት ቦታ የለም። ያለው መልሶ ማግኛ ቁልፍ ብቻ ነው፣ እሱም 44 የእንግሊዝኛ ቃላት። ፕሪንት ማድረግ አልፈለግንም፣ ፕሪንተሩ ከኔትወርክ ጋር የተያያዘ ነው። በር ዘግተን ባልደረባዬ እያነበበች እኔ በእስክሪብቶ ጻፍኩ፣ ሁለት ኮፒ። ከዚያ ከወረቀቱ ላይ መልሰን ስናስገባው እምቢ አለ። አንድ በአንድ ስንፈትሽ ለካ አንዷ ቃል ላይ አንድ ፊደል ዘልያለሁ። ያኔ ባንሞክረው ኖሮ አንድ ቀን በሩን ራሳችን ላይ ዘግተን እንቀር ነበር። አደራችሁን፣ ጽፋችሁ ብቻ አትተዉት፣ ሞክሩት። አንዱ ኮፒ በፖስታ ታሽጎ ቢሯችን ያለው ካዝና ውስጥ ገባ፣ ሁለተኛው ካዛንቺስ ባልደረባዬ እናት ቤት።

ጥቅምት ላይ ደግሞ ሌላ መጣ። ከመካከላችን የአንዱ ላፕቶፕ ሞላ። ምን ቦታ እንደያዘበት ሲያይ ስሙ የማይነበብ፣ 60 ጊጋባይት የሚሆን ፎልደር አገኘ። ቫይረስ መስሎት አጠፋው። ያጠፋው ከተመሰጠረው መዝገባችን እሱ ላፕቶፕ ላይ ያለውን ክፍል ነበር። ላፕቶፑንና ድራይቩን አንድ የሚያደርገው ሲንክ ደግሞ ታማኝ ነው፣ እዚህ የጠፋውን እዚያም አጠፋ። ያወቅነው በ19ኛው ቀን ነው፣ አንድ የቆየ ደረሰኝ ፈልገን አልከፈት ሲለን። ድራይቭ ትራሽ ውስጥ የገባን ነገር ለ30 ቀን ያቆያል፣ ስለዚህ ሁሉንም መለስነው። 11 ቀን ብንዘገይ ግን አልቆ ነበር። ልጁን አልወቅሰውም፣ ያ ፎልደር ምን እንደሆነ ያልነገርኩት እኔ ነኝ። ከዚያ ወዲህ ሲንክን ባክአፕ፣ ማለትም መጠባበቂያ ኮፒ፣ ብዬ አልጠራውም። በወሩ መጨረሻ ሙሉ ኮፒ ሃርድ ዲስክ ላይ እንገለብጣለን፣ ዲስኩን ነቅለን ካዝና ውስጥ እንቆልፋለን። መዝገቡን የማጥፋት መብትም ያለው አሁን አንድ አካውንት ብቻ ነው።

ማስረጃ ስለሆነ ሌላም ነገር እንጨምራለን። ፋይሉ እጃችን በገባበት ሰዓት የኤስኤችኤ-256 አሻራውን፣ ማለትም ከፋይሉ ይዘት የሚሰላ መለያውን፣ እናወጣለን። ዊንዶውስ ላይ ሌላ ፕሮግራም አያስፈልገውም። 64 ፊደልና ቁጥር ነው፣ ፋይሉ ውስጥ አንዲት ነጥብ ብትቀየር ፈጽሞ ሌላ ይሆናል። መዝገብ ላይ ጽፈን ሁለት ሰው ይፈርምበታል። መጋቢት ላይ በዚያው የማህበሩ ጉዳይ የተከሳሹ ወገን የእናትየው ድምፅ ተቆርጧል አለ። ከክላውድ አውርደን አሻራውን ፊታቸው ስናወጣው ከ2011 መዝገባችን ጋር አንድ ሆነ። እናትየዋ አጠገቤ ነበሩ። ምን እንደተፈጠረ በደንብ አልገባቸውም፣ «ድምፄ አለ ማለት ነው?» አሉኝ። አለ እማማ፣ አልኳቸው።

ክፍያው ይከብዳል። የወሩ 9.99 ዶላር ስንጀምር በባንክ ምንዛሪ 570 ብር ገደማ ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ከ1000 ብር አለፈ። የሚከፈለውም ውጭ ባለ ዘመድ ካርድ ነው፣ ይሄ አይመቸኝም። ፍለጋም የለም፣ ድራይቭ የተቆለፈ ነገር ውስጥ ገብቶ አይፈልግላችሁም። እኛ የመዝገብ ቁጥር በደብተር እንይዛለን።

የማንጭነው ነገር አለ። የጠቋሚ ስም አይወጣም። የሕመም ማስረጃም እንዲሁ። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ የሰው መረጃ ከአገር ሲወጣ የሚጠየቅ ነገር አለ፣ ቆልፌዋለሁ ማለት ብቻውን መልስ አይሆንም። እኔ ደግሞ አዋጁ ባይኖርም አልጭነውም ነበር። ስሙን አምኖ የሰጠኝ ሰው ለእኔ እንጂ ለሰርቨር አልሰጠም። እነዚያ ወረቀት ላይ ናቸው፣ ካዝና ውስጥ። ሌላውንም ቢሆን የምንጭነው ደንበኛው አውቆ ሲፈርም ነው።

እስካሁን አንድም ፋይል አልጠፋብንም። ለዓመት አድሰነዋል። ቀጥሎ የማስበው ለሁለተኛ ኮፒ እዚሁ አገር ውስጥ ያሉ ዳታ ሴንተሮችን መጠየቅ ነው፣ አይሲቲ ፓርክ ያሉትን።

ይህን ስጽፍ ነው ትዝ ያለኝ። ካዛንቺስም ተነስቷል። የባልደረባዬ እናት ወደ ገላን ከሄዱ ወራት ሆኗቸዋል፣ ፖስታውም ከዕቃቸው ጋር ሄዷል። ደወልኩላቸው። «የኔ ልጅ፣ ቁምሳጥኑ ውስጥ ከመጽሐፍ ቅዱሴ ጋር ነው» አሉኝ። ቅዳሜ ሄጄ በዓይኔ አየዋለሁ።